ኮፈኑ ላይ የተቀመጠው ቁልፍ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣

የምኖረው አዳማ ነው። ዕድሜዬ 36፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በሂሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከአባቴ ጋር በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው። እናታችን ካረፈች 6 ዓመት ሆኗታል።

አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። አንድ ፒክአፕ አለቻቸው። ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ደብል ጋቢና፣ እ.ኤ.አ. የ1992 ስሪት፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍታ ናት። በ1991 ዓ.ም. ያገለገለች ገዟትና ከመቂና ከወንጂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመላለሱ አራት ልጅ አሳደጉባት። ለጭነት ብለውም ከኋላ ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ዝርግ ስፕሪንግ፣ አስጨምረውባታል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐኪም በዓይናቸው ግፊት ምክንያት መንዳት ከለከላቸው። ከዚያ ወዲህ የምነዳትም የምጠግናትም እኔ ነኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ እጄ ግን መፍቻ መያዝ ይወዳል። እሁድ እሁድ ከኒም ዛፋችን ሥር ሸራ አንጥፌ እሠራለሁ። ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ። ባለፈው ዓመት የኋላውን የፍሬን ሸራም ራሴ ቀየርኩ። አባቴ ዱካቸውን ይዘው አጠገቤ ይቀመጡና ያርሙኛል። «ቀስ በል፣ ጥርሱን እንዳትበላው» ይሉኛል።

የዛሬ ወር አሰላ ለቅሶ ልንደርስ ተነሳን። በዋዜማው ጋቢናዋን ሳጸዳ ከወንበር ሥር ያገኘሁትን ኮተት ሁሉ ጠርጌ ጣልኩ። አሮጌ ካላማዳሪ ነበረ፣ የዛገ ሽቦ ነበረ። መኪና እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር የምትወሸቅ አንዲት የእንጨት ታኮም ነበረች። በዘይት የጠቆረች፣ አንድ ጎኗ በጎማ የተበላ፣ በቀዳዳዋ ሲባጎ የተንጠለጠለባት። ከባድ ነበረች፣ ወይራ ሳትሆን አትቀርም። በማግስቱ ደራን አልፈን ወደ ኢተያ ስንወጣ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ዳገቱ ላይ አቆምኩ። የእጅ ፍሬኑ አልያዘም። መኪናዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተት ሚስቴ ዘላ ወርዳ ድንጋይ ጎማ ሥር ወሸቀች። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ነበሩ። እግዚአብሔር አተረፈን።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። ስለ ሙቀቱ አልጠየቁኝም። «ታኮዋስ?» ብቻ አሉ። «ጣልኳት» አልኩ። ዝም አሉ። ጠዋት ስነሳ፣ ሁልጊዜ ከራስጌያቸው ሚስማር ላይ የሚሰቀለው የመኪናዋ ቁልፍ ኮፈኑ ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ መኪናዋ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዱካውንም ይዘው አይወጡም። ሰላም ይሉኛል፣ ምሳ አብረን እንበላለን። በቃ።

አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሰምቶ «ያንን ሞተር አውጣው፣ ዲ-ፎር-ዲ የሚባለውን አዲሱን የቶዮታ ናፍታ ሞተር ከነቱርቦው አስገባበት፣ ብሩን እኔ እልካለሁ» ይለኛል። ትልልቅ ጎማና የቆዳ ወንበርም ይጨመር ባይ ነው። የሰፈራችን ደላላ ደግሞ የነዳጅ መኪና መግባት ስለቆመ ጥሩ ታወጣለች፣ ሽጧት ይላል። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ዳግም አልገባባትም ብላለች፤ አልፈርድባትም። ልሽጣት? ሞተሯን ልቀይር? ወይስ እየጠገንኩ ልቀጥል? ከሁሉም በላይ አባቴን በምን አፌ ላናግራቸው?

ልጅየው፣ ከአዳማ

---

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ልቤን የያዘው ታኮዋ አይደለችም። «ልጆቹ ከኋላ ወንበር ነበሩ» ያልካት ናት። እሷን ጽፈህ ቶሎ አለፍክ። እኔ ግን እዚያው ቆምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ከሚስትህ ጋርስ ስለዚያች ደቂቃ ተቀምጣችሁ አውርታችኋል? ስለ መኪናዋ ማለቴ አይደለም። ስለ ፍርሃቱ። ካላወራችሁ ከአባትህም በፊት እሷን አናግራት። ድንጋዩን የወሸቀችው እሷ ናት። «አመሰግናለሁ» ብለሃታል? ብለሃት ይሆናል። ድገመው።

አሁን ወደ ቁልፉ ልምጣ።

አጎቴ በአሰብ መስመር ፊያት 682 ኤን3 ይነዱ ነበር። ሲያረጁ መሪውን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ በሰው መኪና ጋቢና ሲቀመጡ ቀኝ እግራቸውን አይ ነበር። መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ወለሉን ይረግጣሉ። አንድ ቀን ሹፌሩ «ጋሼ፣ አይፍሩ» አላቸው። «ኧረ አልፈራሁም፤ እየነዳሁ ነው» አሉት። ይህን ከሰማሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ፣ አልረሳሁትም።

አባትህም እነዚህን ሁለት ዓመታት መንዳት ያቆሙ አይመስለኝም። ዱካቸው ላይ ተቀምጠው፣ በአንተ እጅ ሲሠሩባት ነበር። ቁልፉ ራስጌያቸው ተሰቅሎ ነበር። አንተ ለመንዳት ስትፈልግ እሳቸው ክፍል ገብተህ ታወርደዋለህ። ይቺ ትንሽ ነገር አይደለችም። በየጠዋቱ «አባዬ፣ ልውሰዳት?» እንደ ማለት ነው። ታኮዋ ስትጣል ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ቁልፉን ኮፈኑ ላይ ማስቀመጣቸውን በሁለት መንገድ አነበብኩት። አንደኛው ቁጣ ነው፤ «እንግዲህ ያንተው ናት፣ እንዳሻህ አድርጋት» የሚል። ሌላኛው ከቁጣ የከበደ ነው። የልጅ ልጆቻቸው ዳገት ላይ ወደ ኋላ እየሄዱ ነበር። እሳቸው ቤት ተቀምጠው ነበር። ለ25 ዓመት ከወንበር ሥር ያኖሯት እንጨት ለዚያች ደቂቃ የተዘጋጀች ነበረች፣ በዚያች ደቂቃ ግን የለችም። ምናልባት የተናደዱት በአንተ ብቻ አይደለም። እዚያ ባለመኖራቸው፣ ዓይናቸው ስለከዳቸው ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው፤ አባትህን የምታውቃቸው አንተ ነህ። የትኛው ይመስልሃል?

የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ የሚመጣው ይቅርታው ነው። ረጅም አታድርገው። «ሳላውቅ ነው» ብለህም አትጀምር፣ አለማወቅህን ያውቃሉ። ማታ ክፍላቸው ግባ፣ ቁልፉን ይዘህ። «አባዬ፣ ታኮዋን ሳልጠይቅዎ በመጣሌ አጥፍቻለሁ። ዳገቱ ላይ ስፈልጋት ነው ምን እንደነበረች የገባኝ» በላቸው። ከዚያ ቁልፉን እዚያው ሚስማር ላይ ስቀለው። ቢመልሱልህም ባይመልሱልህም ብዙ አትጨምር። ዝምታቸውን ለመስበር ብለህ ሽማግሌ አትላክባቸው። ነገሩ ከዚያ በላይ የቤት ነው።

የመኪናዋን ጉዳይ ይዤ አርባ ዓመት ናፍታ ሞተር ሲፈቱ የኖሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ባሌስትራው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ፣ ድገሚው» አሉኝ። የነገሩኝን እንዳለ ልንገርህ።

በዚህ ዘመን በተሠሩ ብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ፣ ከሻንሲው ሥር አንዲት የፍሬን ቫልቭ አለች። በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዛለች። መኪናው ሲጫን ካሶኒው፣ የጭነት ሳጥኑ፣ ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ቫልቯም «ጭነት አለ» ብላ ለኋላ ጎማ ተጨማሪ የፍሬን ኃይል ትሰጣለች። ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላው ጎማ ተቆልፎ እንዳያንሸራትት ትቀንሳለች። ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ቂጥ ከፍ ይላል። ቫልቯ ትሳሳታለች። ሙሉ ሽንኩርት ጭነህም ባዶ ነህ ብላ ታስባለች። ስለዚህ የኋላው ፍሬን ደክሞ፣ የፊተኛው ብቻውን እየተቃጠለ ይሠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የዘንጓን ልክ በአዲሱ ከፍታ ማስተካከል ነው። ይህን ግን የፍሬን ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ይሥራው። በግምት የሚነካ ነገር አይደለም።

የእጅ ፍሬኑ ግን ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ አንተ ይመጣል። የፍሬን ሸራ ከተቀየረ በኋላ ሸራውና ታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ከበሮ መሳይ ብረት፣ እስኪቀራረቡ ድረስ መስተካከል አለበት። በዚህች መኪና ይህን የሚሠራው የእጅ ፍሬኑ ራሱ ነው። ደጋግመህ ስትስበው ውስጥ ያለው ማስተካከያ ጥርስ በጥርስ ይራመዳል። ይህ የሚሆነው ግን ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ክርን መሳይ ብረት ሲንቀሳቀስ ነው። ገመዱን የሚቀበለው እሱ ነው። የአዳማ አቧራና የክረምት ጭቃ እዚያ ይገባና ያደርቀዋል። ከደረቀ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጣሪያ ብትስበው የሚይዘው ነገር የለም። ሸራውን የቀየርክ ዕለት እነዚያን ሁለት ብረቶች በእጅህ አወዛውዘሃቸዋል? ካልሆነ በሚቀጥለው እሁድ ፍታቸው፣ በብሩሽና በናፍታ እጠባቸው፣ ቅባት አድርግላቸው። ናፍታው ሸራውን እንዳይነካ ተጠንቀቅ።

እንግዲህ አየህ፣ በፍሬኗ መድከም ውስጥ የሁለታችሁም እጅ ሊኖር ይችላል። የአባትህ ባሌስትራ አለ፣ ያንተ ሸራ አለ። ይህን የነገርኩህ ለክርክር እንድትጠቀምበት አይደለም። «ጥፋቱ የእርስዎም ነው» ብትላቸው በሩን ለዘላለም ትዘጋዋለህ። ባሌስትራውን ያስጨመሩት ልጆች ለማሳደግ ነው። እንዲህ ብትጠይቃቸውስ፦ «አባዬ፣ ባሌስትራው ከተጨመረ በኋላ ሲጭኗት ፍሬኗ ተለውጦብዎ ነበር?» ያን ጊዜ እግራቸው ያስታውሳል። እንዲያውም «አዎ፣ ፊት ፊቷን ትደፋ ነበር» ብለው ቢነግሩህ አይግረምህ።

ወደ ሙቀቱ። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች መንገድ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለህ። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ደግሞ በተለመደው ሥራው እዚያ ሙቀት ላይ ነው የሚውለው። ታዲያ መኪኖች ሁሉ ኢተያ ላይ ለምን አይፈሉም? በራዲያተሩ ክዳን ምክንያት ነው። ክዳኑ ውሃውን አምቆ ይይዘዋል። አብዛኛው ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ የሚይዘው ግፊት በባር ነው። ያ ግፊት የመፍያውን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል። ከዚያ ሜዳ ላይ አዳማ ውስጥ ምንም የማይላት መኪና ዳገት ላይ ትፈላለች። በአንዲት ክዳን ምክንያት ስንት ቴስታታ፣ የሞተር የላይኛው ክፍል፣ እንደተቃጠለ መካኒኩ ሲነግሩኝ ድምፃቸው እንደ ማዘን ብሎ ነበር።

ስለዚህ ከርካሹ ጀምር። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ጠዋት ክዳኑን ክፈትና ላስቲኩን እይ። ጥርጣሬ ካለህ ቀይረው። ውሃውን እይ። ዝገት የመሰለ ቀለም ካለው ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላበት ኖሯል ማለት ነው። አውጥተህ እጠበው፣ ኩላንት ሙላበት። የራዲያተሩን ፊት በውሃ እጠብ፤ የነፋሱ አቧራና የነፍሳት ክንፍ ይደፍነዋል። ቱቦዎቹን ጨመቅ አድርገህ እይ። የማራገቢያው ቺንጋ ላልቶ እንደሆነ ፈትሽ። ማራገቢያውን በእጅህ አሽከርክረው፤ ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ያለ ምንም ተቃውሞ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ከሆነ መሀሉ ላይ ያለው ክላች ደክሟል። ቴርሞስታቱ መኖሩንም አረጋግጥ። አገራችን ውስጥ መኪና በሞቀ ቁጥር እሱን አውጥቶ መጣል ተለምዷል። ሞተሩ ግን ያለ እሱ በቅጡ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ናፍታ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ እየቀነሰች ነው? ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ይወጣል? የሞተር ዘይቱ ወተት የነካው ቡና መስሏል? ከነዚህ አንዱ ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ተቃጥሎ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የግቢ ሥራ አይደለም። አትንዳት፣ ጋራዥ ትሂድ። ዳግመኛ መንገድ ላይ ብትሞቅብህ ደግሞ አደራ፣ ክዳኑን አትክፈት። አቁመህ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ጠብቅ።

ስለ ግቢ ሥራ አንድ ነገር ልለምንህ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር በጭራሽ አትግባ። የብረት መደገፊያ ግዛ፣ ከሻንሲው ሥር አቁም፣ ከመሬት ያልተነሱትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ያዝ። የእጅ ፍሬኗ እንዳልያዘ አውቀህም ያለ ታኮ ሥሯ ተኝተህ ከነበረ፣ እባክህ ይህን እሁድ ምንም ሳትነካ እለፍ።

ወደ ወንድምህ ልለፍ። ሐሳቡን አትናቀው። እውነት አለው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ቀጭን አየር ላይ ይደክማል፤ በአሰላ ከፍታ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የእናንተዋ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው ያላት፣ ዳገት ላይ ታዝናለች። ግን ዲ-ፎር-ዲ ሞተር ብቻውን አይመጣም። ኮምፒውተሩ፣ ሽቦው፣ ሴንሰሩ፣ ብዙ ጊዜ ካምቢዮውም ይከተለዋል። ናፍታውን የሚረጨው ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው፤ ውሃ ወይም ቆሻሻ ያለበት ናፍታ ኢንጀክተሮቹን ይጨርሳቸዋል። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለሰፈረ የመንገድ ትራንስፖርት ደጅ መመላለስም አለ። ከሁሉም በላይ፣ ማቆም ላልቻለች መኪና ተጨማሪ ጉልበት መስጠት ነው። ትልልቅ ጎማም እንደዚያው ፍሬኑን ያደክማል።

ያለችው አሮጌ ሞተር ያለ ኮምፒውተር፣ በሜካኒካል ፓምፕ የምትሠራ ናት። ኒም ዛፍ ሥር፣ በመፍቻና በካቻቢቴ አንተ ልትረዳት የምትችል ሞተር ናት። እኔ ብሆን አልነካትም።

ለወንድምህ «አያስፈልግም» ብቻ አትበለው። ያ ልጅ ከሩቅ ሆኖ የቤቱ ሥራ ውስጥ እጁን ማስገባት ነው የፈለገው። ሥራ ስጠው። የኋላ ወንበሯ ትከሻ ላይ የሚያልፍ የደህንነት ቀበቶ አላት? ከሌላት ገንዘቡ መጀመሪያ እዚያ ይዋል። የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ ታይሚንግ ቺንጋ ከነኩሽኔታው ኦሪጅናሉን ይላክ። የገበያውን ፌክ አንተም ታውቀዋለህ። ማሻሻል ካማራችሁም የፊት መብራቷን በሪሌይና በወፍራም ሽቦ አስቀጥሉት። ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለ ሽቦ ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ ያባክነዋል። አንድ ሰዓት ሥራ ነው፣ ሌሊቱን ቀን ያደርግላችኋል። ቆዳ ወንበሩ ይቆይ።

መሸጡን በተመለከተ ደላላው አልዋሸም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከታገደ ወዲህ ያሉት ተፈላጊ ሆነዋል። ሊብሬው በማን ስም ነው? በአባትህ ከሆነ ጥያቄው ለእሳቸው እንጂ ለእኔም ለአንተም አይደለም። ብቻ አሁን በዚህ ዝምታ ውስጥ አትጠይቃቸው። ቁልፍ በተቀመጠ ማግስት «እንሽጣት» ማለት ሌላ ነገር ይመስላል። ፍሬኗና ሙቀቷ ተስተካክለው፣ ተነድታ፣ ከዚያ በኋላ የቤታችሁ ወጪ ከብዶ ካገኛችሁት በሰላም ተነጋገሩበት። ያን ጊዜም መሸጥ ነውር የለውም።

ሚስትህን አትጎትታት። ፍሬኑ ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ አንተና አባትህ ሁናችሁ ሞክሯት። እሳቸውን ጋቢና አስቀምጣቸው። ዓይናቸው ነው የደከመው፣ ጆሯቸው አይደለም። እስከ ሶደሬ መታጠፊያ ሂዱ፣ ተመለሱ። መንገዱን አንተ እይ፣ ሞተሩን እሳቸው ይስሙ። ቀላል ዳገት ፈልጋችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡና ያዛት አልያዛት እዩ፣ ጎማ ሥር ታኮ አድርጋችሁ። ሚስትህ የምታምነው አንተ «ተሠርታለች» ስላልካት አይሆንም። አባትህ «አሁን ያዘች» ሲሉ የሰማች ቀን ትገባለች ብዬ አስባለሁ።

ያቺ ታኮ የተጣለችበት ቦታ ሄደህ ፈልገሃታል? ወር ሆኖታል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም ሄደህ ፈልግ። ካልተገኘች የብረት ገዝተህ አትተካት። ደረቅ የወይራ ቁራጭ ፈልገህ ዱካቸው አጠገብ አስቀምጥ፣ ከመጥረቢያው ጋር። እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ወገቧ ምን ያህል እንደሚዘቀዝቅ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እንቢ ካለ እጅህን ይምሩት።

እስከዚያ ግን አንድ የእውነት ጥያቄ አለህ፣ ዝምታ ለመስበር የተፈጠረ ያልሆነ። የዚህች ሞተር ታይሚንግ ቺንጋ፣ የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያገጥመው፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ሞተሩ እዚያው ያበቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ቲ-ቤልት የምትል መብራት አለች፤ ግን ከኋላዋ በካቻቢቴ ስለምትመለስ ጠፍታ መታየቷ ምንም አያረጋግጥልህም። ደብዳቤህ ላይ ስለ ቺንጋው አንድም አላልክም። አታውቅም ማለት ነው። ደላላው አያውቅም፣ ወንድምህ አያውቅም፣ የማማክራቸው መካኒክም ሊያውቁ አይችሉም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ ግቢህ ውስጥ አለ። ይቅርታህን ካልክ፣ ቁልፉን ከሰቀልክ በኋላ፣ ነገ ጠዋት ቡና ላይ ይህን ጠይቃቸው፦

«አባዬ፣ ቺንጋዋ መጨረሻ የተቀየረችው መቼ ነበር?»